ከርል ብቻ እየሠራ ክንዱ ላቆመበት የሳቢያን ልጅ

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው የመጣው፤ ስለ ባይሴፕስ (የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ) እና ስለ ከርል (ክርንን እያጠፉ ክብደት ማንሳት) ነው። እንዲህ ይላል፦ «ኮች፣ ጅም ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። በሳምንት 4 ቀን ባይሴፕስ እሠራለሁ፤ በባር፣ በዳምቤል፣ በኬብል፣ ያልሞከርኩት ከርል የለም። መጀመሪያ ላይ ክንዴ 2 ሳንቲ ጨምሮ ነበር፣ አሁን ግን 32 ላይ ቆሞ ቀረ። ክርኔ መታጠፊያው ላይ ማመም ጀምሯል። ሰዓት ስለሌለኝ ጀርባ አልሠራም፣ ያለኝን ሁሉ ለክንድ ነው የምሰጠው። ምን ልጨምር?»

ወንድሜ፣ ከርል አትጨምር። ካለህም ላይ ቀንስ። ክንድህን ያቆመው ያ «አልሠራም» ያልከው ጀርባ ነው።

ነገሩን በኪሎ እንየው። በ10 ኪሎ ዳምቤል ከርል ስትሠራ አንዱ ክንድህ የሚሸከመው 10 ኪሎ ነው። መዳፍህን ወደ ራስህ አዙረህ ብረት ላይ ስትንጠለጠልና አገጭህን ከብረቱ በላይ ስታወጣ ግን፣ ማለትም ቺን አፕ ስትሠራ፣ የራስህን 62 ኪሎ በሁለት ክንድ ነው የምትስበው። ጀርባህ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ እሺ፤ የቀረው ግን ባይሴፕስህ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ጡንቻ የሚያድገው እየከበደ የሚሄድ ሸክም ሲያገኝ ነው። በከርል ብቻ ሸክሙን ማሳደግ ይከብዳል፤ አንዳንድ ጅም ውስጥ ከ10 ኪሎ ዳምቤል ቀጥሎ ያለው 15 ነው፣ በአንዴ ግማሽ ያህል ጭማሪ ማለት ነው። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ወገቡን እያወዛወዘ ያነሳል። የክርንህ ሕመምም በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፦ በሳምንት 4 ቀን ያለ በቂ ዕረፍት፣ ያውም በውዝዋዜ። እኔም በጀማሪነቴ በዚሁ መንገድ ሄጄ ለወራት ሻይ ብርጭቆ ሳነሳ እንኳ ያመኝ ስለነበር ነው አጥብቄ የምነግርህ።

ታዲያ ቺን አፕና ሮው (ክብደትን ወደ ሆድ መሳብ) ካለ ከርል ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም ባይሴፕስ ሁለት መገጣጠሚያ የሚያቋርጥ ጡንቻ ነው። ላይ ትከሻ አጥንት ላይ በሁለት ራስ ይጀምራል፣ ታች ከክርን በታች ባለው አጥንት ላይ ይታሰራል። ስትስብ ክርንህ ይታጠፋል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ የላይኛው ክንድህ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ታች ሲያጥር ላይ ይለጠጣል፣ ርዝመቱ ብዙም አይለዋወጥም። ሮው ላይ ደግሞ ከባይሴፕስህ በፊት ጀርባህ ወይም የእጅህ መጨበጥ ሊደክም ይችላል። ያ የቀረው ሥራ ነው የከርል ድርሻ። ብዙ መገጣጠሚያ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፓውንድ ከባዱን ሸክም ያመጣል፣ አንዱን ጡንቻ ለይቶ የሚይዘው አይሶሌሽን ይጨርሰዋል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ ከርል ሠርተህ ወደ ቺን አፕ ብትሄድ ክንድህ ዝሎ ጀርባህን ሳታገኘው ትወርዳለህ።

በሳምንት 2 ቀን ይበቃሃል። ማክሰኞና አርብ በለው፣ በመሀል ክንድህ ይረፍ። ማክሰኞ በቺን አፕ ጀምር፦ 4 ዙር፣ በየዙሩ ከ5 እስከ 8። በዙሮቹ መሀል 2 ወይም 3 ደቂቃ እረፍ፣ አትቸኩል። አንድም መውጣት ካቃተህ አትፈር፤ ሣጥን ላይ ቆመህ ዘለህ ውጣና 5 ሰከንድ እየቆጠርክ ውረድ። በዚህ ብቻ ነው ብዙ ልጆች የመጀመሪያዋን ያገኙት። ቀጥሎ የባር ሮው 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 10። ከዚያ በኋላ ነው ከርል።

እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብልኝ። ቤንቹን ወደ 60 ዲግሪ አዘንብለው፣ ጀርባህን ሙሉ በሙሉ አስደግፍ፣ ክንዶችህ ከሰውነትህ ወደ ኋላ ተንጠልጥለው ይውደቁ። ያኔ የባይሴፕስህ ረጅሙ ራስ ትከሻህ ጋ ሲሳብ ይሰማሃል። ስትጀምር አውራ ጣትህ ወደ ፊት ይይ፤ እያነሳህ መዳፍህን ወደ ላይ አዙር፣ ጫፍ ላይ ትንሿ ጣትህ ወደ ትከሻህ የምትዞር ይምሰልህ። ባይሴፕስ ክርን ከማጠፍ ሌላ መዳፍ የማዞር ሥራም አለው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሥራ ሳያሠራው ነው የሚያድረው። ክርንህ ወደ ፊት አይምጣ። ስታወርድ 3 ሰከንድ ቁጠር፣ ታች እስኪዘረጋ። በዚህ አሠራር 10 ኪሎው ይከብድሃል፣ በ7 ወይም በ8 ጀምር። 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12። መጨረሻ ላይ ሃመር ከርል 2 ዙር፣ መዳፍና መዳፍ ተያይቶ፤ ይሄ ከባይሴፕስ ሥር ተኝቶ ወደ ላይ የሚገፋውን ጡንቻ ያሠራል፣ ከፊት ስትታይ ክንድህን የሚያሰፋው እሱ ነው።

አርብ ፑልዳውን (ከላይ የተንጠለጠለውን ብረት በኬብል ወደ ደረት መሳብ) ወይም የአንድ እጅ ዳምቤል ሮው 4 ዙር፣ ከዚያ የባር ከርል 3 ዙር። ክርንህ እስኪሻለው ቀጥ ያለውን ባር ተወውና በጠመዝማዛው ወይም በዳምቤል ሥራ፣ የእጅህ አንጓ ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ። ሁለት ሳምንት አቅልለህ ሕመሙ ካልቀነሰ ወደ ሐኪም ሂድ። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ክርንህ ላይ ከጠቆረብህ ግን አንድ ቀን አትጠብቅ፣ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ዙር ስትቆጥር ቺን አፕን እንደ ሙሉ፣ ሮውን እንደ ግማሽ እቆጥራለሁ። ባልኩህ አካሄድ በሳምንት ከ15 እስከ 18 ዙር ገደማ ይሆንልሃል፣ ለ8 ወር ልጅ በቂ ነው። ከ10 ወደ 15 ኪሎ መዝለል ካልቻልክ 12 ድግግሞሹን ወደ 15 አድርስ፣ አወራረዱን አዘግይ፣ ከዚያ ዝለል። ደግሞ ፑሽ አፕና ዲፕስ (በሁለት ብረት መሀል በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) አትርሳ፤ ከላይኛው ክንድ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛው ከኋላ ያለው ትራይሴፕስ ነው።

የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ አቦ። እኩለ ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ያለ ብረት እጅ ያቃጥላል፣ ላብ ደግሞ ጨብጠህ እንዳትይዝ ያደርግሃል፤ ባይሴፕስህ ሳይደክም ጣትህ ይለቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግባ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ፎጣ ያዝ፣ ብረቱን በየዙሩ ጥረግ፣ ውኃ ሳይጠማህ ጠጣ።

ምግቡ ላይ ግልጽ ልሁን። 62 ኪሎ ሆነህ ለማደግ በቀን 100 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያስፈልግሃል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፣ ጠዋት 3 ብትበላ 18። ፉል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ የግመል ወተት፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ፣ ቀኑን ሙሉ ከፋፍለህ ሙላው፤ በጾም ጥራጥሬውን እጥፍ አድርገው። ከሰዓት ጫት የምትቅም ከሆነም በዚሁ ልንገርህ፦ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እራት ያልበላና ሌሊት 7 ሰዓት ድረስ ዓይኑ ያልተከደነ ልጅ ያሠራው ጡንቻ በምን ይጠገናል? በሥልጠና ቀንህ እንኳ ተወው።

ሜትር በየቀኑ አትዘርጋ። በ4 ሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ሳትሠራ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለካ። ለጊዜው ከሜትሩ ይልቅ ማክሰኞ ስንት ቺን አፕ እንደወጣህ ደብተር ላይ አስፍርና ቁጥሩን ላክልኝ፤ ክርንህ እንዴት እንዳደረም ጨምርበት።