ከቦሌ ዋሽንግተን፦ 10 ሰዓት ወይስ 17?

የእናትሽን የሐምሌ ትኬት አይተሽ፣ ከ22:15 እስከ 08:15 ቆጥረሽ «በረራው 10 ሰዓት ነው?» ብለሽኛል። በረራው 17 ሰዓት ይፈጃል፤ 10 አይደለም። ትኬቱ ላይ ያለው መነሻ 22:15 የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ መድረሻው 08:15 ደግሞ የዋሽንግተን። ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ባገኘሽው 10 ላይ 7 ደምሪበት። ኅዳር አጋማሽ ላይ ቢሆን 8 ትደምሪ ነበር።

ርቀቱ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ይበቃዋል፤ ትርፉ ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ መነሳት ይከብደዋል። ሲመለሱ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ ሳያርፍ ይገባል። እናትሽ መሃል ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው እንዳይነሱ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር አደራ። የታላቅ እህቴ ትኬት «ዓርብ 01:20» ይል ነበር። እኛ ዓርብ ማታ ሻንጣ ጭነን ከአዳማ ወጣን። ለካ በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ሌሊት 7:20 ነበር፤ ቦሌ ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ አልፎታል። እህቴ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

የእናንተ 22:15 ከምሽቱ 4:15 ማለት ነው። ከምሽቱ 1:15 ላይ ቦሌ መገኘት አለባችሁ፤ ከአዳማ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳታሳልፉ ውጡ። ፈጣን መንገዱ አያስቸግርም፤ ሰዓት የሚበላው ከተማ ውስጥ ያለው መጨናነቅ ነው።