በውሃ ወይስ በአፈር?

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ ጠባብ ቢሆንም ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም ልተክልበት አስቤያለሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ ያለ አፈር በውሃ ብቻ የሚያበቅል ባለ ፓምፕ ማማ አሳይቶኝ ልቤ ሸፍቷል። ባለቤቴ ግን «አፈር እያለ የምን ውሃ ነው» ባይ ነው። ሞጆ ካለው ወንድሙ ዩሪያና ኤንፒኤስ የሚባሉትን ማዳበሪያዎች አምጥቶ «ካልሽም ይኸው፣ በጥብጪው» ብሎኛል። የቱ ይሻለኛል? ታች ያለችው ጎረቤቴ ልብስ የምታሰጣው በእኔ በረንዳ ሥር መሆኑንም ይያዙልኝ።
ት.፣ ከጀሞ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ከፓምፑ እንገላገል። እዚያ ማማ ውስጥ ሥሩ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። ፓምፑ በየጊዜው ውሃ ካላፈሰሰለት ጥሙን የሚያስታግስበት ነገር የለውም። ፀሐይ በበረታበት ቀን መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ቢመለስ፣ ሰላጣሽ ተዝለፍልፎ ይጠብቅሻል። አፈር ግን አንድ ሁለት ቀን ብትዘነጊውም ይችልሻል። ለማማው ያሰብሽውን ብር ለጊዜው አቆዪው።

በውሃ መትከል ካማረሽ ያለ ፓምፕም ይቻላል። ዘዴውን ያስተዋወቀው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ነው፤ ዕቃውም ቤትሽ አይጠፋም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በጎኑ አስተኚና ላዩ ላይ አራት ቀዳዳ አውጪበት። ቢጫው ብርሃን ስለሚያሳልፍ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዪው፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። ማዳበሪያ የተበጠበጠበትን ውሃ ሙዪ፣ ከዚያ ችግኞቹን ሥራቸው ውሃውን እንዲነካ አድርገሽ በየቀዳዳው አስቀምጪ። ክፍተቱን በስፖንጅ ድፈኚው፣ ቢምቢ እንዳይራባበት።

ተክሉ እየጠጣ ሲሄድ ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ጎደለ ብሎ ይደነግጥና እስከ አፉ ይሞላዋል። አንዱን ችግኝ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርገሽ ሥሩን ተመልከቺው። የላይኛው አጭር፣ ነጭና ጸጉራም ነው፤ አየር የሚስበው እሱ ነው። ታች ድረስ የወረደው ረጅሙ ደግሞ ውሃ ይጠጣል። እስከ አፉ ከሞላሽው የላይኛው ይታፈናል፣ ተክሉም ውሃ ላይ ቆሞ ይጠወልጋል። መጨመር ካለብሽ ጥቂት ጨምሪ፤ አየር የለመደውን ሥር ግን ውሃ እንዳይደርሰው። ሰላጣው ችግኙ ከተዛወረ በአምስት በስድስት ሳምንት ይበላል፤ ክረምት ላይ በደመናው ምክንያት ይዘገያል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ በመጣ ቀን አንዴ ሞልተሽ፣ ተክለሽ ወደ ሥራሽ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ዩሪያውን ከጀሪካኑ ያርቅልሽ። ዩሪያ ለተክል የሚጠቅመው በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያን ሥራ የሚሠራለት በበቂ የለም። ኤንፒኤሱም ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ብቻ ነው፤ ፖታሲየም የለበት፣ ካልሲየም የለበት፣ ማግኒዝየም የለበት። አፈር የጎደለውን ከራሱ ያሟላል፣ ውሃ ግን ያልሰጠሽውን ከየት ያመጣል? ሁለቱን ማዳበሪያዎች ለወንድሙ ጤፍ ይመልስለት።

ጡረታ እስክወጣ ሆለታ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ማዳበሪያ በጥባጭ ነበርኩ። ኤ እና ቢ የምንላቸው ሁለት ታንኮች ነበሩን። ካልሲየም ናይትሬቱ ኤ ውስጥ፣ ፎስፌቱና ማግኒዝየም ሰልፌቱ ቢ ውስጥ ይገባሉ። ወፍራሞቹን ሳይቀጥኑ ካገናኘሻቸው ውሃው እንደ ኖራ ይነጣና ታች ይዘቅጣል። የዘቀጠውን ተክሉ አያገኘውም። ለውሃ እርሻ የሚሸጠው ማዳበሪያ በሁለት ዕቃ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ አንዱን በጀሪካኑ ውሃ ውስጥ በደንብ አማስለሽ ስትጨርሺ ሌላውን ጨምሪ። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ጥሩ ነው። ሎሚ ጠብ ማድረግ ያወርደዋል፣ ግን ብዙ አይቆይም።

በውሃ የምትተክዪው ሰላጣና ቆስጣ ብቻ ይሁን። ጎመን ከሥር ከሥር እየቀነጠብሽ ወራት የምትበዪው ነው፤ ግንዱም ሥሩም ይገዝፋል፣ ጀሪካን አይበቃውም። ጤና አዳም እርጥበት ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ እሱን በውሃ ላሳድግ ማለት መግደል ነው። በሶብላ በውሃም ይንዠረገጋል፣ ቅጠሉን ለሰላጣ የሚፈልግ ሰው ይደሰትበታል። አንቺ ግን ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ የምታደርቂው አበባውን ከነፍሬው ነው፤ እስኪያብብና ፍሬ እስኪይዝ ጊዜ ስለሚፈልግ አፈር ላይ ተረጋግቶ ይቆይ።

ለአፈሩ ከግንባታ ቦታ የሚዛቀውን ዋልካ እንዳታመጪ። ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ባልዲ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ ደቃቁን አደባልቂ። ለጤና አዳሙ ሬድ አሹን አብዢለት። ውሃ የጠጣ የ20 ሊትር ባልዲ አፈር 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ሥር ደርድሪ፤ አጥሩ ላይ ማንጠልጠልማ ይቅርብሽ። ከሥራቸው ሳህን አስገቢ፣ ውሃ የምታጠጪውም አመሻሽ ላይ ጎረቤትሽ ልብሷን ካስገባች በኋላ ይሁን። ጀሪካኖቹ ስለማያንጠባጥቡ በእነሱ አትጣሉም።

በረንዳሽ ወዴት እንደሚያይ አልነገርሽኝም። ወደ ሰሜን ከሆነ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ቀጥተኛ ብርሃን አታገኚም። ያኔ ሰላጣው ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል እንጂ ቅጠል አያጠራቅምም፣ በውሃም ይሁን በአፈር። እንደዚያ ከሆነ ችግኙን መጋቢት ላይ ጀምሪ።