ቀጠሮ ለሚያመላልሳችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በጅማ ፍርድ ቤቶች አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነጻ ጥብቅና ስቆም ፀጉሬ ሸበተ። ብዙ ወጣት በጋለ ልብ ወደዚህ ሥራ ሲገባ፣ ዓመት ሳይሞላው ሲወጣም አይቻለሁ። እንደ እኔ ግምት አብዛኞቹን ያስወጣቸው ቁጣቸውን የሚያራግፉበት ስፍራ ማጣት ነው።

የውርስ ቤታቸውን የተነጠቁ እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከመታጠፍ ብዛት የሳሳ የግብር ደረሰኝ ያወጣሉ። ያን ስታዩ ውስጣችሁ ቢነድድ ተገቢ ነው። ቀጠሮው ሲደጋገም ግን ቁጣው ባለቤቱን ይስታል፤ መጀመሪያ በመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ በባልደረባችሁ፣ ኋላም «እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ!» በሚል ድምፅ በራሳቸው በባለጉዳይዋ ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ዳዊት ድገሙ፤ በተራ፣ ሳትዘሉ። ስንመርጥ የምስጋናውን ብቻ እናነሣለን (ጉባኤዎቻችንም ይህ ድክመት አለባቸው)። በተራ የሚደግም ሰው ግን «አቤቱ፥ እስከ መቼ» የሚለውን፣ ጠላትን የሚረግመውን፣ በጨለማ የሚያልቀውንም መዝሙር ያገኛል። አቤቱታውን አስቀድሞ ለእግዚአብሔር ያሰማ ሰው መዝገብ ቤት ሲደርስ ድምፁ የለዘበ ነው።

ስለ ጾም አላበዛም። ኢሳይያስ 58ን አንብቡ፤ ጾምን የበደልን እስራት ከመፍታትና እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ አይለየውም። ረቡዕና ዓርብ ከምሳችሁ የተረፈውን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ፤ ከአጋሮ ለቀጠሮ መጥቶ መመለሻ የሚያጣ ባለጉዳይ አይጠፋም።

እረፍትን የምትንቁ ደግሞ ኤልያስን ተመልከቱ። ሞቱን ለምኖ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በላና ተኛ፣ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ዊልያም ዊልበርፎርስ በእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን ሲታገል ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1807 እስኪጸድቅ ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ እሑዱን ግን ለሰንበት ይጠብቅ ነበር። ከእርሱ የበለጠ የሚያስቸኩል መዝገብ ያለው ካለ ይንገረኝ።

በቀትር ሙስሊም ባልደረባችሁ ለሶላት ሲነሣ ሰዓት አትቁጠሩበት። የስድስት ሰዓት ጸሎት በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው፤ አብራችሁ ተነሡና በጥጋችሁ ጸልዩ።

ብቻችሁንም አትሁኑ። የንስሐ አባት ያላችሁ ለእርሳቸው፣ የሌላችሁም ለምታፍሩት ታላቅ በየወሩ ሒሳብ ስጡ፤ በየትኛው ባለጉዳይ ላይ እንደጮኻችሁና ይቅርታ ጠይቃችሁ እንደሆነ ይጠይቋችሁ።