ብቻውን የሚጫወት ሰው ለምን ወረፋ ይይዛል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ አንድ ጉዳይ የሚያነሡ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ የማይከፈቱ የቪዲዮ ጌሞችና ጌሙ ለገበያ በቀረበበት ዕለት የሚወድቁ ሰርቨሮች፣ ማለትም ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኛቸው የኩባንያው ኮምፒውተሮች፣ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ወራት ስጠብቀው የቆየሁትን ጌም ገና ሳይወጣ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ ያዝሁት። በወጣበት ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ኮምፒውተሬ ፊት ብቀመጥም፣ ያየሁት «ሰርቨሩ ተጨናንቋል፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቢከፈትልኝም አርባ ደቂቃ ያህል እንደተጫወትሁ መልሶ አስወጣኝ፤ እስከዚያ የደረስሁበትም አልተመዘገበም። ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ከማንም ጋር የማልጫወት መሆኔ ነው። ታሪኩ ለአንድ ተጫዋች የተሠራ ነው። እኔን ከሰርቨር ጋር ምን አገናኘኝ?

መልስ፦ ብስጭትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያሰረ ስለሆነ ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። የሰርቨሩ መውደቅ የቴክኒክ ችግር ነው፤ ጎበዝ ባለሙያዎችንም ሊገጥማቸው ስለሚችል እኔ በበኩሌ በዚህ ብዙም አልፈርድባቸውም። ብቻዎን የሚጫወቱት እርስዎ በዚያው በር ካላለፉ እንዳይጫወቱ መደረግዎ ግን የቴክኒክ ችግር ሳይሆን ሰዎች ተቀምጠው የወሰኑት ውሳኔ ነው። ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ይቅርታ የሚጠይቁት ስለ መጀመሪያው ነው፤ ስለ ሁለተኛው ሲጠየቁ ወሬውን መልሰው ወደ መጀመሪያው ይወስዱታል።

ለዚህ ዓይነቱ ገጠመኝ እስከ ዛሬ በምሳሌነት የሚነሣው ዲያብሎ 3 የተባለው ጌም ነው። ሜይ 15 ቀን 2012 ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ገዢዎች ያገኙት ግን ሰርቨሮቹ ሥራ እንደበዛባቸው የሚገልጸውን «ስህተት 37» ነበር፤ ቁጥሩም በተጫዋቾች ዘንድ መቀለጃ ሆኖ ቀረ። የጌሙ ሠሪ ኩባንያ ብሊዛርድ ጌሙን ያለ ግንኙነት እንዳይሠራ ያደረገው ማጭበርበርንና የጌም ዕቃዎችን በሐሰት ማባዛትን ለመከላከል መሆኑን ያስረዳ ነበር፤ ተጫዋቾች ያገኙትን ዕቃ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡበት የጨረታ ገበያ በውስጡ ስለነበረ ምክንያቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ያ ገበያ በማርች 2014 ሲዘጋ የኮምፒውተሩ ቅጂ ግንኙነት መጠየቁን አላቆመም። ከዚያም ቀድሞ በ2013 ለኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኘው የጌም መጫወቻ መሣሪያ) የቀረበው ያው ጌም ያለ ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። አንድ ጌም በአንዱ መሣሪያ ላይ ያለ ሰርቨር መኖር ከቻለ፣ በሌላው ላይ የማይችልበት ምክንያት ቢያንስ ቴክኒካዊ አይደለም።

ከዚህም የባሰው የሲምሲቲ ታሪክ ነው። ይህ ጌም በማርች 2013 ሲወጣ፣ የራሱን ከተማ በእርጋታ ሊገነባ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ከሰርቨር ካልተገናኘ አንድ መንገድ እንኳ መዘርጋት የማይችል ሆኖ ተገኘ። ጫናው በርትቶ አዘጋጆቹ ጊዜን የሚያፋጥነውን የጌሙን ክፍል ለጊዜው እስከ ማንሣት ደረሱ፤ አማዞንም በዳውንሎድ የሚሸጠውን ቅጂ መሸጡን ለጥቂት ጊዜ አቋርጦ ነበር። ጌሙን የሠራው ማክሲስ ከስሌቱ ጉልህ ድርሻ ያለው የሚሠራው በሰርቨሮቹ ላይ በመሆኑ ያለ ግንኙነት ማስኬድ ቀላል እንዳልሆነ ቢገልጽም፣ ብዙ ቀናት ሳያልፉ አንድ ተጫዋች ፋይሎቹን ነካክቶ ያለ ግንኙነት ሲያስኬደው ታየ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በማርች 2014፣ ኩባንያው ራሱ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚያደርግ አፕዴት አወጣ። ክርክሩ ውሃ እንደማያነሣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሌላው የሚሰጠው ምክንያት ሕገወጥ ቅጂን መከላከል ነው። ሰው የደከመበትን ሥራ ከስርቆት መጠበቁ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን ዘበኛው የሚፈትሸው የከፈለውን ሰው ብቻ ከሆነ ነገሩ ግራ ያጋባል። በማርች 2010 የጌም ኩባንያው የዩቢሶፍት ሰርቨሮች ሆን ተብሎ በተሰነዘረ የማጨናነቅ ጥቃት ሲመቱ፣ ለአንድ ተጫዋች የተሠራውን አሳሲንስ ክሪድ 2ን በሕጋዊ መንገድ የገዙ ከፊል ደንበኞች ለሰዓታት በር ላይ ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሰርቨር ዛሬ እንደ ማንኛውም ዕቃ በሰዓት ይከራያል። ስንት ሰው እንደሚመጣ አስቀድሞ በተከፈለ ክፍያ የሚያውቅ ባለጸጋ ኩባንያ ለሁለት ሳምንት በቂ ሰርቨር ተከራይቶ ይህን ሁሉ ውርደት ለምን አያስቀርም?

መልስ፦ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደ እርስዎ አስብ ነበር። ጨዋታው ራሱ የሚካሄድባቸውን ማሽኖች መጨመር በእርግጥም ቀላል ነው፤ መቶ የነበሩት ሁለት መቶ ቢሆኑ አንዱ ሌላውን ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ያለው በር ነው። አንድ ሰው «ጀምር» የሚለውን ሲጫን አካውንቱ ይረጋገጣል፣ ጌሙን መግዛቱ ይጣራል፣ ያስቀመጠው ገጸ ባሕሪና ንብረት ከዳታቤዝ (ከመረጃ ቋቱ) ይነበባል፣ የጓደኞቹ ዝርዝር ይመጣል። ዳታቤዙ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ እውነት ብቻ መያዝ አለበት፤ አንድ ሰይፍ በአንዱ ማሽን ላይ ተሽጦ በሌላው ላይ እንዳልተሸጠ ሆኖ ከተመዘገበ የጌሙ ኢኮኖሚ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ከሁሉም ማሽኖች የሚመጣው ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚጠራቀመው እንደ ልብ ማብዛት በማይቻልበት በዚህ ጠባብ ቦታ ነው።

በዚህ ላይ የሰው ጠባይ ይታከልበታል። አልተቻለም የተባለ ሰው ሄዶ አይተኛም፤ ደግሞ ይጫናል። መቶ ሺህ ሰው በየአሥር ሰከንዱ ሲሞክር እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ሌላ ጫና ስለሚሆን፣ ሊያገግም የጀመረው ሰርቨር ከድጡ ወደ ማጡ ይገባል። ሁላችንም የምንጠላው ወረፋ በእውነቱ የዚህ መድኃኒት ነው፤ ተራዎ 12,408ኛ መሆኑን የሚነግርዎት ማሳያ ቢያንስ በሩን ደጋግመው ሳይደበድቡ እንዲጠብቁ ያደርግዎታል። በእኔ አስተያየት ወረፋ ያዘጋጀ ኩባንያ ደንበኛውን አስቀድሞ ያሰበ ነው፤ ባዶ የስህተት ቁጥር የሚያሳየው ግን አላሰበም።

አስቀድሞ መሞከርም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም የሆነው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 አዘጋጆች ሥርዓቱን 200,000 በሚሆኑ ሰው ሠራሽ ተጠቃሚዎች እንደፈተኑት ተናግረዋል፤ ሆኖም ኖቬምበር 19 ቀን 2024 እውነተኛዎቹ ሰዎች ሲመጡ መረጃ የሚያቀብለው ክፍል ተዳክሞ ብዙዎች በመጫኛው ገጽ ላይ ቀሩ። ሔልዳይቨርስ 2 ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 አዘጋጆቹ ካሰቡት በላይ ሰው ስለመጣበት፣ በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው መጀመሪያ በ450,000 ወስነው በኋላ ወደ 700,000 አሳድገውታል። ይህ ጌም ባሕርይው የቡድን በመሆኑ ሰርቨር ማስፈለጉን ማንም አይከራከርም፤ እዚህ ላይ የወደቀው ግምቱ ብቻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ያነሡት ነጥብ ግን ትክክል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጎርፍ እንደሚጎድል ኩባንያዎች ስለሚያውቁ፣ ለአሥር ቀን ጫና ሲሉ ሥርዓቱን ከሥር መሠረቱ አስፍተው መሥራት ብዙ ጊዜ አያዋጣቸውም፤ ስለዚህ የእርስዎን ትዕግሥት ያለ ወጪ ይጠቀሙበታል። ከዚህ የተለየ መንገድ የመረጡም አሉ። የፋይናል ፋንታሲ 14 አዘጋጆች በዲሴምበር 2021 ወረፋው ለሰዓታት ሲረዝም፣ በዚያን ጊዜ በነበረው የሴሚኮንዳክተር (የኮምፒውተር ቺፕ) እጥረት ምክንያት አዲስ ሰርቨር እንደልብ ማግኘት እንዳልቻሉ በግልጽ ተናግረው፣ ለደንበኞቻቸው ነፃ የመጫወቻ ቀናት ሰጡ፤ ከዚያም አልፈው ጌሙን መሸጥ ለጊዜው አቆሙ። ነጋዴ ዕቃው ተፈላጊ በሆነበት ሰዓት ሱቁን ሲዘጋ ማየት ብርቅ ነው። ብሊዛርድም ከስህተት 37 ተምሮ ይመስላል፣ ዲያብሎ 4ን በጁን 2023 ከማውጣቱ በፊት በሜይ ወር ሰርቨሮቹን ሆን ብሎ ለማስጨነቅ በሩን ለሕዝብ ከፍቶ ፈትኖታል፤ የ2012ቱ ዓይነት ውድቀትም አልተደገመም።

ጥያቄ፦ ጌሙ ካልከፈተልኝ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንደ መሸጫው ይለያያል። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላውንና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም ምክንያትዎ ምንም ቢሆን ይመልሱልዎታል። ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው ጌሙ ክፍት ሆኖ የቆየበትን ጊዜ በመሆኑ ወረፋ ላይ የተቀመጡበትም ከዚያው ላይ ሊቀነስ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ከፍተውት አይተኙ። የስህተቱን መልእክት ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፣ ጥያቄዎንም ሳይዘገዩ ያቅርቡ። በዳውንሎድ የሚሸጥ ቅጂ እንደማያልቅ ካሰብን ደግሞ አስቀድሞ የመክፈል ጥቅሙ ምን እንደሆነ ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ለዓመታት ስንጫወተው የነበረ የመኪና እሽቅድምድም ጌም በቅርቡ «አገልግሎቱ ተቋርጧል» ብሎ መከፈት አቆመ። ዲስኩ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ገንዘብም ከፍለንበታል። ታዲያ የገዛነው ምን ነበር? ዲስኩንስ ልጣለው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ቀን ወረፋ ያልፋል፣ ይህ ግን አያልፍም። በሕጉ ቋንቋ የገዙት ፈቃድ ነው፤ ያን ፈቃድ ለማስቆም የሚያስችሉት አንቀጾች ደግሞ ማንም በማያነበው ረጅም ውል ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን በማየት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚጸና ሕግ አውጥታለች፤ በሕጉ መሠረት ዲጂታል ምርት የሚሸጥ መደብር ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ ከሆነ «ግዛ» ከማለቱ ጋር ይህንኑ በግልጽ መንገር ይኖርበታል። ሕጉ ስሙን አስተካከለ እንጂ ጌሙን አያስቀጥልም።

እርስዎ የገጠመዎት ነገር በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው በዘ ክሩ ምክንያት ነው። በዲሴምበር 2014 የወጣው ይህ የእሽቅድምድም ጌም ብቻውን ሊጫወት ለሚፈልግም ሰርቨር የሚጠይቅ ስለነበረ፣ ዩቢሶፍት ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሮቹን ሲያጠፋ የተሸጠው ቅጂ ሁሉ በአንድ ቀን ከአገልግሎት ውጪ ሆነ። በዚህ የተነሣ ሮስ ስኮት የተባለ የቪዲዮ አዘጋጅ «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚል ዘመቻ የጀመረ ሲሆን፣ ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች አቤቱታ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አግኝቷል። ዘመቻው ሰርቨሮች ለዘላለም ይብሩ አይልም፤ የሚጠይቀው ኩባንያው ሲሰናበት ጌሙን በሆነ መንገድ መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ትቶ እንዲሄድ ነው። ኩባንያዎቹ ይህ ውድና ውስብስብ እንደሆነ ይከራከራሉ፤ ለብዙ ሰው አንድ ላይ የተሠራ ግዙፍ ጌም ከሆነ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ኖክአውት ሲቲ የተባለው ጌም አዘጋጆች በ2023 ሰርቨራቸውን ሲዘጉ ተጫዋቾች በግላቸው የሚያስኬዱትን የሰርቨር ፕሮግራም ሰጥተው ተሰናብተዋል፤ ዩቢሶፍትም ከተቃውሞው በኋላ ለዘ ክሩ ሁለት ተከታዮች ያለ ግንኙነት የሚሠሩበትን መንገድ እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል።

ዲስኩን ግን አይጣሉት። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የተባለው ጌም በኖቬምበር 2012 ተዘግቶ ነበር፤ አድናቂዎቹ በራሳቸው ድካም ሰርቨሩን መልሰው ካቆሙት በኋላ ባለመብቱ ኩባንያ በጃንዋሪ 2024 ሆምካሚንግ ለተሰኘው ቡድናቸው በይፋ ፈቃድ ሰጠ። በመካከሉ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ አልፏል፤ ያን ያህል ከቆየ ልጅዎ ምናልባት የሚጫወተው ከራሱ ልጅ ጋር ይሆናል።