ለ14 ቀን ስድስት ከተማ ይበዛብን ይሆን?

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን ለራሴ ጉዳይ ነው የምጽፍልሽ። እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ከተጋባን 10 ዓመት ሊሞላን ነው፣ እና እስካሁን እረፍት ከወሰድን ወይ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋ ነው ወይ እዚሁ ቤት ቁጭ ነው፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን የሄድንበት ቦታ የለም። ዘንድሮ እናቴ እዚህ ስላለች ልጆቹን እይዝላችኋለሁ አለችን፣ ሁለታችንም የ14 ቀን ፈቃድ እናገኛለን። ባለቤቴ በጣም ደስ ብሎት ፕላን አወጣ፣ ፕላኑ ግን እንዲህ ነው፦ ለንደን 2፣ ፓሪስ 3፣ ባርሴሎና 2፣ ሮም 3፣ ቬኒስ 2፣ አቴንስ 2። እኔ ነርስ ነኝ፣ የማታ ሺፍት ነው የምሰራው፣ እውነቱን ልንገርሽ ወረቀቱን ሳየው ገና ሳልሄድ ደከመኝ። እኔ ሮምን በደንብ ማየት ነው የምፈልገው፣ እሱ ደሞ ፓሪስን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ የኖረ ነው። ሌላው እሱ የአሜሪካ ፓስፖርት አለው፣ እኔ ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ነኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ወሩንም አልቆረጥንም፣ ሜይ ወይ ኦገስት እያልን ነው፣ ጾምም እጾማለሁ። ከምን እንጀምር? እሱንስ ሳላስከፋ እንዴት ላስረዳው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ለ10ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ፣ እናትሽንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አይነት እድል በየዓመቱ አይገኝምና ሰበብ ፈልጋችሁ እንዳታሳልፉት።

ከፓስፖርትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም መንገዱን የሚወስነው እሱ ነው። ባለቤትሽ ባርሴሎናም አቴንስም ያለ ቪዛ ይገባል፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ይፈቀድለታል። አንቺ ግን ግሪን ካርድሽ አውሮፓ ላይ ቪዛ አይሆንልሽም፣ የሸንገን ቪዛ ማውጣት አለብሽ፣ ሸንገን ማለት ጣልያንና ፈረንሳይን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው። ለንደን ደሞ ሸንገን ውስጥ ስላልሆነ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ቀጠሮ ነው፣ ለሁለት ቀን ብለሽ ይሄን ሁሉ! ስለዚህ ለንደን ከወረቀቱ ላይ ይውጣ። አሁን ከእሱ ጋር ስታወሩም ከዚህ ጀምሪ፣ የፍላጎት ጉዳይ ስላልሆነ ማንም ማንንም አሸነፈ አይባልም።

የሸንገን ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሪበት አገር ነው፣ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቢበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ ፓስፖርትሽ ከተመለስሽ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ መሆን አለበት፣ ግሪን ካርድሽም ስትመለሺ ያላለፈበት መሆኑን እዪ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ነው። እና አንድ በጣም የምለምንሽ ነገር አለ፣ ወደ መጨረሻ አታድርሺው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ህብረት በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ የቪዛ አሰራሩን አጥብቋል፣ የተለመደው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ መልቲፕል ኢንትሪ መስጠትም ቆሟል። ስለዚህ አንዴ ከገባሽ እስክትመለሺ ሸንገን ውስጥ የሚያቆይሽ መንገድ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ወጣ ብሎ መመለስ የለም። ሜይ ላይ ለመሄድ ካሰባችሁ ቀጠሮውን ጃንዋሪ ላይ ያዢ። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ደሞ የማይመለስ ትኬት አትግዢ፣ ለማመልከቻው የበረራ ሪዘርቬሽን ይበቃል፣ ሆቴሉንም በነጻ የሚሰረዘውን ያዙ።

አሁን ወደ ስድስቱ ከተማ እንምጣ። እኔም ከባለቤቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ የሄድን ጊዜ በ11 ቀን 5 ከተማ ነበር የያዝነው፣ ሆቴሎቹን ሁሉ የማይመለስ አድርገን ከፍለን ስለነበር ደክሞንም መቀነስ አልቻልንም። በ8ኛው ቀን ሚላን ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ትልቁን ሻንጣ ማን ይሸከም በሚል ተኳረፍን፣ ያን ቀን እስከ ማታ ሳንነጋገር ነው የዋልነው። አሁን ሳስበው ሻንጣው አልነበረም፣ ሁለታችንም እንቅልፍ ስላልጠገብን ነው። ለዛ ነው ይሄ ጥያቄ ሲመጣልኝ ከልቤ የምመልሰው።

ቀን አትቁጠሩ፣ ሌሊት ቁጠሩ። 14 ቀን ስትሉ የመጀመሪያው ማታ አውሮፕላን ላይ ነው፣ ከደለስ ኤርፖርት ማታ ተነስታችሁ ሮም ጠዋት ትገባላችሁ፣ 6 ሰዓት የሰዓት ልዩነት አለ፣ የመጨረሻው ቀን ደሞ የመመለሻ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ የምታድሩት 12 ሌሊት ብቻ ነው። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ሻንጣ ማሰር አለ፣ ከክፍል መውጣት አለ፣ ጣቢያ ወይ ኤርፖርት መሄድ አለ፣ ከዛ አዲሱ ሆቴል ክፍሉን የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፣ በቃ ግማሽ ቀን ሄደ። በስድስት ከተማ አምስት ጊዜ ትቀይራላችሁ፣ ሁለት ቀን ተኩል በሻንጣ አለቀ ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው፣ "በዛብኝ" ከምትይው ይልቅ ራሱ ሲደምረው ይገባዋል።

እኔ የምላችሁ ሮም 5 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 3፣ ፓሪስ 4 ነው። ጣልያን 8 ሌሊት ስለሚሆን ማመልከቻሽ ለጣልያን ይገባል፣ ነገሩም ግልጽ ይሆናል። ትኬት ስትፈልጉ ደርሶ መልስ የሚለውን ትታችሁ መልቲ ሲቲ የሚለውን ንኩ፣ ከደለስ ሮም ገብታችሁ ከፓሪስ ደለስ እንድትመለሱ፣ አለበለዚያ ለመመለስ ብቻ ሮም ድረስ ትሄዳላችሁ። ርካሽ ነው ብላችሁም ለንደን ላይ የሚያሳርፍ ትኬት አትያዙ። ሮምና ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ትኬቱ ቀደም ብሎ ሲገዛ በጣም ይረክሳል፣ የረከሰው ግን ብዙ ጊዜ አይቀየርም። ዝግተኛውን የክልል ባቡር በወረቀት ትኬት ከተሳፈራችሁ ሳትገቡ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን አስመቱት፣ ካላስመታችሁ ትቀጣላችሁ። ከፍሎረንስ ፓሪስ በአውሮፕላን ነው። ባለቤትሽ ቬኒስን ካላየሁ ካለ ፍሎረንስን አውጥታችሁ ቬኒስን አስገቡ፣ ሁለቱን ግን አትደርቡ። ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም፣ ሻንጣችሁን ተሸክማችሁ የድልድይ ደረጃ መውጣት መውረድ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሆቴሉም ቫፖሬቶ ከሚባለው የውሃ አውቶብስ ማቆሚያ አጠገብ ይሁን። ባርሴሎናና አቴንስ ለሌላ ዓመት ይቆዩ።

ወሩን በተመለከተ እኔ ሜይ ነው የምለው፣ ምክንያቱ ደሞ ሙቀት ብቻ አይደለም። ኦገስት ላይ ከሄድሽ ፍልሰታ ውስጥ ነው የምትገቢው፣ ነሐሴ 1 ማለት ኦገስት 7 ነው፣ ጣልያኖቹም ኦገስት 15 በዓላቸው ስለሆነ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ዘግቶ ባህር ይወርዳል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕና አርብ እንኳን አይጾምም፣ እንደልብሽ ትበያለሽ። ብቻ ትኬቱን ሳትቆርጡ የዚያን ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል እዩ፣ አንዳንዴ ሜይ መጀመሪያ ላይ ይውላልና። በጾም ወቅት ከሄዳችሁም አትሰጊ፣ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። ፓስታ ላይ ደሞ "ሴንጻ ፎርማጆ" በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፣ ፎርማጆን ከአዲስ አበባ ታውቂያታለሽ። ደረቁ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የለውም፣ ትኩስ የሚሰራው ታሊያቴሌ ግን አለው፣ ጠይቂ። ማኪያቶ ስታዢ የኛን አትጠብቂ፣ በትንሽ ሲኒ ቡና ላይ ጠብታ ወተት ነው፣ የኛን የሚመስለው ካፑቺኖው ነው። ቆመሽ ከጠጣሽ ዋጋው ከመቀመጫው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ስለ ሮም ትንሽ ላውራሽ፣ ምክንያቱም አምስት ሌሊት ስልሽ ባለቤትሽ "ለምን ይሄን ያህል?" ሳይልሽ አይቀርም። ሮም ለኛ ሰው እንደሌላው ቱሪስት አይደለችም። ከኤርፖርት በባቡር 32 ደቂቃ ተጉዛችሁ ቴርሚኒ የሚባለው ዋናው ጣቢያ ስትወርዱ ፊት ለፊታችሁ ያለው አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፣ አምስት መቶዎቹ የተባሉት በ1887 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ያደረጓቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዛው ቅርብ ነው። ብዙ አበሻ በዚያ አደባባይ ሻንጣውን እየጎተተ ሳያውቅ ያልፋል፣ እናንተ ቆም በሉበት። ከዛ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ጣቢያ ውረዱ፣ ፋኦ ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ህንጻ ፊት ያለው ቦታ የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረበት ነው፣ በ2005 በአውሮፕላን ተጭኖ አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ያ ቦታ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ አንቺም ሳታለቅሺ አትቀሪም።

ቫቲካን ደሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያ የሚባል ቤተክርስቲያን አለ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳት የተሰጠ ነው። የአምሃራ ሳይንቱ አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ የተዋወቁትም በዚያ ነው፣ ከዛ ትውውቅ ነው በ1698 የታተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ የተወለደው። ቤተክርስቲያኑ ከግቢው ውስጥ ስለሆነ እንደልብ አይገባበትም፣ ግን የባዚሊካው ጉልላት ላይ ወጥታችሁ ወደ አትክልት ቦታው ስትመለከቱ የኢትዮጵያ ኮሌጅ በዚያ በኩል ነው። የቫቲካን ሙዚየም እሁድ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ ሲቀር። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አያስገባም፣ ነጠላሽን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው የሚቆረጠው፣ ከ30 ቀን በፊት ነው የሚለቀቀው፣ ቀኑን ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪለት።

ፓሪስን ለባለቤትሽ ተይለት። እሱ ያውጣው ፕላኑን፣ አራቱም ቀን የሱ ይሁን፣ አንቺ ተከተዪው። የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ ዝግ መሆኑን ብቻ አስታውሺው። አንድ ነገር ግን ከኔ አደራ፣ ኬ ብራንሊ የሚባለው ሙዚየም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ተነስተው የሄዱት ስዕሎች ያሉበት ነው፣ ሰኞ ዝግ ነው፣ ሌላ ቀን ሂዱ።

በሦስቱም ከተማ አንድ አንድ ቀን ምንም ሳይጻፍበት ባዶ ይቀመጥ። አንቺ በተለይ የማታ ሺፍት ሰውነትሽ ውስጥ ስላለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን እንቅልፍሽ ይዛባል፣ እስከ እኩለ ቀን ከተኛሽ ተኚ። ግማሽ ቀን ተለያይታችሁ ብትውሉም ምንም አይደለም፣ እሱ የፈለገው ጋ ይሂድ አንቺ አንድ አደባባይ ላይ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ማታ ስትገናኙ የምታወሩት ይኖራችኋል። እኔና ባለቤቴ ከዛ ከሚላኑ ቀን በኋላ እንዲህ ማድረግ ጀመርን፣ ከዛ ወዲህ በጉዞ ላይ ተኳርፈን አናውቅም።

የገንዘቡን ነገር ሳትነሱ ጨርሱት፣ የጋራውን አንድ ካርድ ላይ አድርጉና ከዛ ብቻ አውጡ፣ እዛ ሆናችሁ ይሄ ውድ ነው አይደለም መባባል ቀኑን ያበላሻል። ሆቴል ላይ ከክፍሉ ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር አለ፣ ሮም ላይ ለ3 ኮከብ በሰው በአዳር 6 ዩሮ ነው። የካርድ ማሽኑ በዶላር ወይስ በዩሮ ብሎ ሲጠይቃችሁ ሁሌ ዩሮ በሉ፣ የዶላሩ ምንዛሪ ይጎዳችኋል። መኪና ለመከራየት ደሞ እንዳታስቡ፣ የጣልያን ከተሞች መሃላቸው ለውጪ መኪና የተከለከለ ነው፣ ካሜራው አንስቷችሁ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ሜሪላንድ ድረስ ይመጣል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁም በየፊናችሁ "ይሄን ሳላይ ብመለስ ይቆጨኛል" የምትሉትን ሦስት ሦስት ነገር ጻፉና ወረቀት ተለዋወጡ፣ ከዛ ነው ከተማ የሚመረጠው። ቪዛው ሲደርስሽ ጻፊልኝ፣ ሮም ላይ የትኛው ሰፈር ብታርፉ እንደሚሻል ያኔ እነግርሻለሁ።