አጥሬ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ለተባበሩት መንግሥታት ልክሰስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከቦሌ አራብሳ ወጣ ብሎ ነው። ቦታውን የዛሬ 11 ዓመት ከአንድ ገበሬ በመንደር ውል ገዝቼ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራሁ። ካርታ የለኝም። ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው አጥሬ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት። “በሰባት ቀን አፍርሳችሁ ውጡ” ብለውን ሄዱ። የሰጡኝ ወረቀት የለም። የእህቴ ልጅ “ዓለም አቀፍ ሕግ አለ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ክሰሺ” ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ “ጨረቃ ቤት ይዘሽ የምን መብት ነው?” ይላሉ። አንዷ ቀለሙን በጋዝ ፈቅፍቃ አጠፋችው። እኔም ላጥፋው? ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ክረምቱም ገብቷል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእህትዎ ልጅም ጎረቤቶችዎም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያ ያልተሰጠዎት ወረቀት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከጎረቤቶችዎ ልጀምር። ካርታ የሌለው ሰው “ቦታው የእኔ ነው” ብሎ መከራከር ይከብደዋል። ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የመንደር ውሉ መሬቱን የእርስዎ አላደረገውም። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ተነስቶ “እንግዲያው እንደፈለጉ ያድርጉኝ” ብሎ እጁን ይሰጣል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቦታው የማን ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰው ከሚኖርበት ቤት እንዴት ይወጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ ሕግ የሚደርስልዎት በሁለተኛው ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን ተቀብላለች። አንቀጽ 11 በቂ መኖሪያ ቤትን የማንኛውም ሰው መብት ያደርገዋል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው፣ ጄኔቫ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ማብራሪያ፣ የይዞታው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ ያለ ፈቃድ በተሠራ ሰፈር ያለ ሰው እንኳ በግዳጅ ከመፈናቀል ሊጠበቅ ይገባል ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ዝርዝሩን አወጣ። ከነዋሪው ጋር አስቀድሞ መመካከር ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያው በቂና ምክንያታዊ ጊዜ የሚሰጥ መሆን አለበት። የሚያፈርሱት ሰዎች ማንነት መታወቅ አለበት። ነዋሪው ካልፈቀደ በስተቀር በሌሊት ወይም በከፋ የአየር ጠባይ አይፈረስም። ማንም ሰው በዚህ ሰበብ ሜዳ ላይ መቅረት የለበትም። “ክረምቱም ገብቷል” ብለው የጻፉልኝን አቤቱታዎ ላይም ይጻፉት፤ የሕግ ነጥብ ነው።

ታዲያ ይህ የጄኔቫ ወረቀት አራብሳ ድረስ እንዴት ይደርሳል? በሕገ መንግሥቱ በር። አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13(2) የሰብአዊ መብት ድንጋጌዎች ከነዚሁ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። ለእርስዎ ግን ከሁሉም የምወድልዎት አንቀጽ 44(2)ን ነው። በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው፤ በመንግሥት በቂ እርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርም በዚህ ውስጥ አለ። “ሰዎች ሁሉ” ነው የሚለው፤ “ካርታ ያላቸው” አይልም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች “የካሳው አዋጅ የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው” ብለው ይመልሱልዎት ይሆናል። እርስዎም አዋጅ ከሕገ መንግሥት በታች መሆኑን ያስታውሷቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርዎ፦ ዳኞች በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ተመሥርተው ከመወሰን ይቆጠባሉ። ስምምነት ሲጸድቅ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የማጽደቂያው አዋጅ ነው፤ ሙሉ ጽሑፉ አይደለም። ስለዚህ የቃል ኪዳኑን አንቀጽ 11 አሳትመው ከአቤቱታው ጋር ያያይዙት። ዳኛው ፈልጎ እንዲያገኘው አይጠብቁ።

የእህትዎ ልጅ ያለው “ክሰሺ” ላይ ስንመጣ፣ ነገሩ ይጠባል። ግለሰብ ለኮሚቴው አቤት እንዲል የሚፈቅደውን የቃል ኪዳኑን ተጨማሪ ስምምነት (ፕሮቶኮል) ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። በቂ መኖሪያ ቤትን ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር (ገለልተኛ ባለሙያ) ግን መጻፍ ይችላሉ። እሱ መንግሥትን በደብዳቤ ይጠይቃል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። መጻፉ በነፃ ነው። “ለተባበሩት መንግሥታት አስገባልሻለሁ” ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ሌላው መንገድ ጋምቢያ፣ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። ኢትዮጵያ ኮሚሽኑ የሚሠራበትን የአፍሪካ ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1998 አጽድቃለች። ቻርተሩ “መኖሪያ ቤት” የሚል ቃል የለውም። ኮሚሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በናይጄሪያው የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ፣ የንብረት፣ የጤናና የቤተሰብ መብቶች አንድ ላይ ሲነበቡ ቤት በግፍ እንዳይፈርስ ይከለክላሉ ብሎ ወስኗል። ባንጁል ለመድረስ ግን በቅድሚያ የሀገር ውስጡን መንገድ መጨረስ ያስፈልጋል፤ የቻርተሩ አንቀጽ 56 ነው። ሂደቱ ከልክ በላይ ከተጓተተ ይታለፋል። እንዲህም ሆኖ ዓመታት ይወስዳል። እርስዎ ያለዎት ሰባት ቀን ነው።

ስለዚህ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ነገ ጠዋት ትእዛዙን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። “ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ ምክንያቱና የሕግ መሠረቱ ይገለጽልኝ” የሚል ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይዘው ነው የሚሄዱት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ። ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። “አንቀበልም” ካሉ የሄዱበትን ቀንና ሰዓት ጽፈው አብሮዎት የሄደ ሰው ይፈርምበት። ይህች ቅጂ ናት ፍርድ ቤት ሲቆሙ የምትናገርልዎት። ያለ ወረቀት “ማን አለሽ?” ይባላሉ።

በዚያው ቀን የመብራት ቢሉን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የመንደር ውሉንና የነዋሪነት መታወቂያዎን ይሰብስቡ። ከዚያ የዕግድ ጥያቄ ያለበት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ያስገባሉ። ዕግድ ቤቱን የእርስዎ አያደርገውም፤ ክርክሩ እስኪታይ ግን ግሬደሩን ያቆመዋል። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በነፃ አቤት ማለት ይችላሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለዎት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጎረቤቶችዎም አብረው ቢያመለክቱ ይሻላል።

ቀለሙን ግን አይንኩት። ከነአጥሩ፣ ከነቤቱ፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ፎቶ ያንሱት። ጎረቤትዎ በጋዝ ያጠፋችው፣ ሰዎቹ መጥተው እንደነበር የሚያሳየውን ብቸኛ ማስረጃዋን ነው።