ብሮውዘሩ ያነበበውን «ሰላም» ቴስቱ ሲክደው

ጥያቄ፦ በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሞጆሊሸስ ላይት በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የሠራሁት ድረ ገጽ አለኝ። የመነሻ ገጹ ርዕስ «ሰላም» ነው፤ ብሮውዘር ላይ በደንብ ይታያል። የሞጆሊሸስ መፈተሻ በሆነው ቴስት ሞጆ፣ የገጹን ጽሑፍ ከምጠብቀው ጋር በሚያነጻጽረው «ቴክስት ኢዝ» ሳረጋግጠው ግን ይወድቃል። «ጎት» (የተገኘው) የሚለው መስመር ሰላም ይላል፤ «ኤክስፔክትድ» (የተጠበቀው) ላይ የሚወጣው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ገጹ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ገጹ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የቴስት ፋይሉ ነው። ዝብርቅርቁን ልብ ብለው ይዩት፦ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» 3 ጊዜ ይመላለሳል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ8 አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፤ ያ «ኤ» እሱ ነው። «ዩዝ ዩቲኤፍ8» የሚለው መስመር በፋይሉ ካልተጻፈ ፐርል በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ባይት በባይት ስለሚያነብ፣ የእርስዎ «ሰላም» 3 ፊደል መሆኑ ቀርቶ 9 ቁራጭ ይሆናል። ርዝመት በሚቆጥረው «ሌንግዝ» አሳትመው ያረጋግጡ።

አፕሊኬሽኑ ላይ ችግሩ ያልታየው ሞጆሊሸስ ላይት «ዩዝ ዩቲኤፍ8»ን በራሱ ስለሚያበራው ነው። በቴስት ፋይሉ አናት «ዩዝ ስትሪክት» እና «ዩዝ ዋርኒንግስ» ብቻ ካሉ፣ በእነሱ ፋንታ «ዩዝ ሞጆ ቤዝ» ብለው ሰረዝ ስትሪክት ያስከትሉ፤ ሁለቱንም ዩቲኤፍ8ንም ያበራል። ቃሉን ባይቱን ወደ ፊደል በሚመልሰው «ዲኮድ» ጠቅልሎ ማሳለፍም ይቻላል፣ ግን ያው ስህተት በሚቀጥለው መስመር ይጠብቅዎታል። ቴስቱ ሲሄድ «ዋይድ ካራክተር» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢያዩ የሕትመት ጉዳይ ነው፤ ውጤቱን አይለውጥም።

ከዚህ በኋላም ከወደቀ ፊደሉን ይመርምሩ። አንዱ ቦታ «ሠላም» ተጽፎ ከሆነ ለአንባቢ ያው ነው፤ ለፐርል ግን ሌላ ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ቴስቶቼ አንድ በአንድ ሲሄዱ ያልፋሉ፤ ቴስቶችን በሚያስኬደው «ፕሩቭ» ትእዛዝ ላይ፣ 4 ፋይል ባንዴ እንዲሄድ ሰረዝ ጄ4 ስጨምር አንዳንዴ ይወድቃሉ። ዳታቤዙ በአንድ ፋይል የሚቀመጠው ኤስኪውላይት ነው።

መልስ፦ 4 ፋይሎች ባንዴ አንዱን ዳታቤዝ እየተሻሙ ነው፤ አንዱ የሰረዘውን ረድፍ ሌላው ይፈልገዋል። እያንዳንዱ ፋይል «ፋይል ቴምፕ» በሚባለው የፐርል ሞጁል የራሱን ጊዜያዊ ዳይሬክተሪ ከፍቶ ሰንጠረዦቹን እዚያ ይፍጠር። አፕሊኬሽኑ የዳታቤዙን አድራሻ ከኮንፊግ (ከቅንብሩ) የሚያነብ ከሆነ፣ አዲሱን አድራሻ ለ«ቴስት ሞጆ ኒው» ሁለተኛ አርጊውመንት አድርገው ይስጡት። ዳታቤዙን በፋይል ፋንታ በማስታወሻ የሚይዘው «ሜሞሪ» የሚባለው የኤስኪውላይት ዘዴ ይፈጥናል፤ ሆኖም ለየኮኔክሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር ለሚከፈተው ለየግንኙነቱ) አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ስለሚሰጥ፣ አፕሊኬሽኑ ሁለተኛ ኮኔክሽን የከፈተ ዕለት «ኖ ሳች ቴብል» (እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም) ይልዎታል።